የራዳር ባለሙያ በአርባ ምንጭ ምን ይሠራል?

በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ዋሽንግተን ፖስት የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ፣ የአገሩ አየር ኃይል ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ከአርባ ምንጭ እንደሚያስነሳ ዘገበ። አየር ኃይሉም በረራውን አልካደም፤ ሪፐር የሚባሉት አውሮፕላኖች መሣሪያ ሳይታጠቁ ለቅኝት ብቻ እንደሚበሩ ገለጸ። አራት ዓመት ያህል ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. መባቻ በረራው አበቃ፤ ሰዎቹም ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ።

ስለዚያ ጣቢያ ብዙ የተባለው በፖለቲካው በኩል ነው። እኔን የሚይዘኝ ሙያው ነው። ሪፐር ውስጡ አብራሪ ባይቀመጥም ብዙ ባለሙያ ይፈልጋል። ሲነሳና ሲያርፍ ሜዳው አጠገብ ያለ ቡድን በቀጥታ ሬዲዮ ይመራዋል፤ ከፍታ ከያዘ በኋላ በሳተላይት በኩል አሜሪካ ለተቀመጠ ሌላ ቡድን ያስረክበዋል። ይህ እንዲሆን አንቴና የሚያቀና፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉን የሚጠብቅ፣ ካሜራና ኮምፒዩተር የሚፈትሽ፣ እያንዳንዱን ብልሽት በመዝገብ የሚያሰፍር ሰው የግድ ነው። እንዲህ ያለ አሜሪካዊ ቴክኒሻን ዩኒፎርሙን ሲያወልቅ የሚከተለው መንገድ በደንብ የተጠረገ ነው። የመከላከያ ሚኒስቴራቸው ሊሰናበት የተቃረበን ወታደር እስከ 180 ለሚደርሱ የመጨረሻ ቀናት፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ፣ በሲቪል ድርጅት ውስጥ እንዲለማመድ ይፈቅዳል። የሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪያቸው ደግሞ በወታደራዊ አውሮፕላን ላይ የተሠራን ጥገና በልምድነት ይቆጥራል፤ ለአውሮፕላን አካል ወይም ለሞተር ጥገና የ18 ወር፣ ለሁለቱም የ30 ወር የተግባር ልምድ ያሳየ ሰው ለፈተና ይቀመጣል። አውሮፓውያን ትንሽ ጠበቅ ያደርጉታል። የወታደር ቤቱን ልምድ ይቀበላሉ፤ የሲቪሉን አሠራር በቅጡ እንዲያውቀው ግን ተጨማሪ የሲቪል አውሮፕላን ልምድ ይጠይቁታል።

ከቢሾፍቱ አየር ኃይል ተሰናብቶ ወደ ጋሞ ዞን የሚመለስ የአቪዮኒክስ ቴክኒሻንስ? ሃያ ዓመት ሬዲዮ፣ ራዳርና የበረራ መለኪያ ሲፈትሽ የኖረ ሰው እንበል። ወላጆቹ ጨንቻ ደጋ ላይ ወይም አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ይኖራሉ፣ ጡረታው ለቤተሰብ አይበቃም፣ ጉልበቱና ዓይኑ ገና አልደከሙም። ይህ ሰው ሙያ አልጎደለውም። የጎደለው ሙያውን ሲቪሉ ቀጣሪ አንብቦ ሊረዳበት የሚችል ማስረጃ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው። ያ ማስረጃ ባለመኖሩ የሚጎዳው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም።

ከወታደራዊ አቪዬሽን ወደ ሲቪል መሻገር በአገራችን ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1994 እስከ 2006 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በሽምግልናቸው ስለምናውቃቸው የመጀመሪያ ሕይወታቸው ተሸፍኖብናል። እ.ኤ.አ. በ1941 በጦር ሠራዊቱ የሬዲዮ መገናኛ ነበር ሥራ የጀመሩት። በ1946 አየር ኃይል ገብተው የአየር ናቪጌሽን ተማሩ፣ ቆይተውም በዚያው ሙያ ረዳት አስተማሪ ሆኑ። ከውጭ አገር ሥልጠና በኋላ በ1955 በፌዴሬሽን ላይ የነበረችውን የኤርትራን ሲቪል አቪዬሽን መሩ፤ በ1957 ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ዋና ዳይሬክተርና የአየር መንገዱ የቦርድ አባል ሆኑ። አየር መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1971 በዋና ሥራ አስኪያጅነት የተረከቡት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ናቸው። ሲቪሉ አቪዬሽን ገና ሲቋቋም የሠለጠነ ሰው የሚገኘው በአብዛኛው ወታደር ቤት ስለነበር፣ በሁለቱ መካከል ያለው በር ክፍት ነበር።

የወታደር ቤቱ ባለሙያ አቅም የተፈተነው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ነው። ኤፍ-5 የተባለውን የአሜሪካ ጄት ይጠግን ለነበረው ቴክኒሻን የሶቪየቶቹ ሚግ-21 እና ሚግ-23 ቀረቡለት። የከፍታ መለኪያው ከጫማ ወደ ሜትር፣ ፍጥነቱ ከኖት ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ የጥገናው መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ ተቀየረ፤ ያውም ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ላይ እያለን። እንዲህ ያለውን ለውጥ የተቋቋመ የሙያ ማኅበረሰብ የሆስፒታል ማሽን ወይም የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ይከብደዋል ማለት አይቻልም።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ያ እውቀት ተበተነ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትን ለማቋቋም የተመሠረተው ኮሚሽን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ወደ ሲቪል ሕይወት መልሷል፤ በመጠኑ ትልቅ ሥራ ነበር። አብዛኛው ተሰናባች ከገጠር የመጣ ስለነበር የድጋፉ ዋና መልክ መሬት፣ በሬ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ሆነ። ለእግረኛው ወታደር ይህ የተገባ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የራዳር ሞገድ በኦሲሎስኮፕ ሲያይ ለኖረው ግን ሙያውን አስረስቶ ኑሮ መስጠት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ከተሰናበቱት የአየር ኃይል ሰዎች አንዳንዶቹ ተመልሰው ተጠርተዋል። አገር ሲቸግራት የምትፈልገውን ሙያ በሰላም ጊዜ ማስቀመጫ ታጣለታለች፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በአውሮፕላን ላይ ያለው ዋናው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ 115 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 400 ጊዜ ይመላለሳል፤ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ግን 50 ጊዜ ብቻ ነው። ድግግሞሹ ሲጨምር ትራንስፎርመርና ሞተር በትንሽ ብረት ስለሚሠሩ ክብደት ይቀንሳል፤ ለሚበር ነገር ክብደት ሁሉም ነገር ነው። ከዚያ ጎን 28 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ። በባትሪና በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያደገ ሰው የቴሌኮም ማማ ሥር ያለውን ባለ 48 ቮልት ሥርዓት ወይም የገጠር ጤና ጣቢያ የፀሐይ ኃይል ስብስብን ሲያይ እንግዳ አይሆንም። ቻርጀሩ፣ ሬክቲፋየሩ፣ ኢንቨርተሩ፣ የመሬት ሽቦው በስም ያውቃቸዋል። የመረጃ ሽቦዎችም እንዲሁ ናቸው። ወታደራዊ አውሮፕላን ኮምፒዩተሮቹን የሚያነጋግርበት ሕግ ከሲቪሉ ይለያል፤ ፋብሪካ ደግሞ የራሱ አለው። ሦስቱም ግን በሁለት ሽቦ ላይ የሚመላለስ የዜሮና የአንድ ተራ ናቸው፤ አንዱን በመሣሪያ ለክቶ የገባው ሰው ሌላውን በወራት ይለምደዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ብልሽት የመፈለግ ሥርዓቱ ነው። ሥልጠና ያገኘ የአቪዮኒክስ ሰው በግምት ዕቃ አይቀይርም። ሥዕሉን ይዘረጋል፤ ምልክቱን ከመንገዱ መሃል ይለካል፤ ካለ ወደፊት፣ ከሌለ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ልኬት የፍለጋውን ሜዳ በግማሽ ይቀንስለታል። ማሽኑ ሲሞቅ ብቻ የሚታይ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠፋ ብልሽት ሲገጥመው አይናደድም፤ ያሞቀዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይጠብቀዋል። ከዚያም ይጽፋል፦ ምን ታየ፣ ምን ተለካ፣ ምን ተቀየረ፣ ማን ፈረመ። በከተሞቻችን የጥገና ቤቶች እጅግ ጎበዝ ልጆች አሉ፤ ስልክ ከፍተው ሕይወት የሚዘሩበት ልጆች ያስደንቁኛል። ይህ የመጻፍ ልማድ ግን ብዙም የለም፤ ስለዚህ አንድ ማሽን ለአምስተኛ ጊዜ ሲበላሽ አራቱ ያለፉ ጊዜያት ምንም አያስተምሩም።

እዚህ ላይ የሚጎድለውንም መናገር ይገባል። የወታደር ቤት ቴክኒሻን መለዋወጫ የሚጠይቀው ከመጋዘን ነው፤ ዋጋውን አያይም። ሲቪሉ ዓለም ከብልሽቱ በፊት ብሩን ይጠይቃል። ሁለተኛም፣ አውሮፕላን ሥር ቆሞ የተበላሸውን ሣጥን በጤነኛ ሣጥን ሲተካ የኖረ ሰውና ሾፕ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ሪሌይና ካፓሲተር የቀየረ ሰው እኩል አይደሉም። ጨንቻ ላይ የሚተካ ሣጥን የለም። በእኔ እምነት ለክፍለ አገር ሥራ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ የድሮው የሶቪየት መሣሪያ ጠጋኞች በዚህ በኩል ዘመናዊ ማሽን ከሚይዙት ታናናሾቻቸው የተሻለ እጅ አላቸው።

አውሮፕላን ላይ መቀጠል የሚፈልግ ደግሞ ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው። በሲቪል አቪዬሽን አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የሚፈርመው ሰው በግሉ ተጠያቂ ነው፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። በወታደር ቤት ኃላፊነቱ በዕዝ ሰንሰለት ይጋራል፤ እዚህ ፊርማው የአንድ ሰው ነው። ይህን ልዩነት አቅልሎ የሚያይ ተሰናባች ይቸገራል። አየር መንገዱም ቴክኒሻኖቹን በዋናነት የሚያፈራው ከራሱ ማሠልጠኛ ነው፤ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ከተረከበ ወዲህ ደግሞ ሥራው በአብዛኛው የኮምፒዩተር መረብ ሥራ ሆኗል። በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ሰው በዚያ በር ለመግባት ከሃያ ዓመት ወጣት ጋር ይሰለፋል። ይቻላል፤ ግን ለጥቂቶች ነው።

አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ በሩ ይበልጥ ይጠባል። ከአዲስ አበባ የሚመላለሰው አውሮፕላን መንገደኛ አውርዶ፣ መንገደኛ ጭኖ ይመለሳል፤ ከባድ ጥገናው ቦሌ ነው። ስለዚህ ወደ ቤቱ የተመለሰው ባለሙያ ዓይኑን ከአውሮፕላን ማረፊያው ማንሳት አለበት። ቀና ሲል የሚያያት ከተማ ግን በሚለካና በሚቆጠር ማሽን የተሞላች ናት።

ከውኃው ልጀምር። የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1996 ዓ.ም. ነው። የውኃ ጥናት ዛሬ በመለኪያ መሣሪያ ይኖራል። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ የሚቀበር የከፍታ መመዝገቢያ የሚለካው ግፊት ነው፤ የሚለካው ግፊት ግን የውኃው ብቻ ሳይሆን ከውኃው በላይ ያለው አየርም ጭምር ነው። የአየሩ ካልተቀነሰ ንባቡ ሐሰት ይሆናል። በጋሞ ዞን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከአባያ ዳርቻ ተነስቶ ጨንቻ ደጋ እስኪደርስ መሬቱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ይወጣል፤ በሁለቱ ቦታዎች ያለው የአየር ግፊት ልዩነት የአንድ ሜትር ተኩል ውኃን ክብደት ያህላል። የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያ የሚሠራው በዚሁ የአየር ግፊት ነው። ያንን መሣሪያ በሙከራ ጠረጴዛ ላይ ሲያስተካክል የኖረ ሰው፣ የኩልፎን ወንዝ መመዝገቢያ ለምን እንደሚዋሽ ለማወቅ ረጅም ገለጻ አያስፈልገውም። ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ አለው፣ የኤሌክትሪክና የኮምፒዩተር ምህንድስና ተማሪ አለው፤ በመካከላቸው የሚቆመው፣ መሣሪያውን በየወሩ ሄዶ የሚፈትሸውና በእጁ የሚያስተምረው አዋቂ ቴክኒሻን ግን በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ብርቅ ነው።

ከውኃው ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን ሆስፒታሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በታዳጊ አገሮች ካሉ የሕክምና መሣሪያዎች በአማካይ 38.3 በመቶው ከአገልግሎት ውጪ ነበሩ። ምክንያቱ ሁልጊዜ የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ የሠለጠነ ጠጋኝ፣ መለዋወጫና የጥገና መዝገብ አለመኖር ነው። የኦክስጅን ማምረቻዋን ትንሽ ማሽን እንውሰድ። ከክፍሉ አየር ትስባለች፣ በመጭመቂያ ታምቃለች፣ ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ ታሳልፋለች፤ ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ይይዝና ኦክስጅኑን ይለቅቃል። ዘመናዊ ተዋጊ ጄቶች ለአብራሪው ኦክስጅን የሚያዘጋጁትም በዚሁ ዘዴ ነው። ማሽኗን የሚገድሏት አቧራ የሞላው ማጣሪያ፣ የሚዋዥቅ ኤሌክትሪክና ያረጀ ቫልቭ ናቸው፤ አብዛኛው በጥቂት ብርና በጥቂት ሰዓት የሚድን ነው። ከፍታም ያደክማታል፤ አምራቾች የከፍታ ገደብ የሚጽፉት አየሩ ሲሳሳ ምርቱ ስለሚወርድ ነው። አርባ ምንጭ ላይ በደንብ የምትሠራ ማሽን ጨንቻ ሆስፒታል ስትደርስ ለምን እንደሰነፈች የሚያውቅ ሰው መኖርና አለመኖሩ፣ በሳንባ ምች ለተያዘ ሕፃን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ይህን ስጽፍ ማጋነኔ አይደለም።

ታዲያ ሥራውም ባለሙያውም ካሉ ለምን አይገናኙም? አንደኛው ምክንያት ያልተወራለት የክብር ጉዳይ ነው። በጋሞ ባህል እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ሕዝቦች የእጅ ሙያ ከባድ ሸክም ተጭኖበት ኖሯል። ሸክላ የሚሠሩት ማና፣ ቆዳ የሚፍቁት ደጋላ ተብለው ከመሬትና ከሸንጎ ተገልለው ኖረዋል፤ ያለ እነሱ እጅ ግን ምንም ቤት አልቆመም። የዶርዜ ሸማኔ ጥበብ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ተከብሮ ሲሸጥ፣ ሸማኔው ራሱ ያን ያህል ክብር ያላገኘበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዩኒፎርም ይህን ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ ሻምበል ባሻ ተብሎ የሚጠራ ሰው እጁ ቅባት ቢነካ ማንም አይንቀውም። ማዕረጉ ሲወርድና መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ሲከፍት ግን ዘመድ አዝማዱ ከፍታውን እንዳጣ አድርጎ ያየዋል። ብዙዎች ሙያቸውን ትተው የጥበቃ ሥራ ወይም አነስተኛ ንግድ የሚመርጡት ገንዘቡን ብቻ አስበው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ምክንያት የወረቀት ነው፤ ይህኛው በአንድ ዓመት ሊስተካከል የሚችል ስለሆነ የበለጠ ያንገበግበኛል። የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ላይ የማትጠፋ አንዲት ሐረግ አለች፦ ቀጥተኛ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ። የሆስፒታሉ ወይም የዩኒቨርሲቲው የሰው ኃይል ሠራተኛ ፊት የሚቀርበው ማስረጃ ይህን ያህል ዓመት በመከላከያ አገለገለ፣ በመልካም ሥነ ምግባር ተሰናበተ የሚል ነው። ራዳር መጠገን ለሕክምና መሣሪያ ጥገና አግባብነት አለው ወይስ የለውም? ሠራተኛዋ ልትፈርድ አትችልም፤ ብትሳሳት የምትጠየቀው እሷ ናት። ቴክኒሻኑም የሠራውን ዘርዝሮ እንዳይጽፍ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የት ድረስ መናገር እንደሚችል የነገረው ስለሌለ ሁሉንም ይተወዋል።

መፍትሔው ከሕጋችን ውጪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ፣ ሰው ሙያውን የትም ይማረው የት ተመዝኖ ብቃቱ ከታወቀ ማረጋገጫ ማግኘት እንዲችል አድርጎ የተቀረጸ ነው። በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው ምዘና ከዚያ የመጣ ነው። ሲኦሲን የምናውቀው የኮሌጅ ተመራቂዎች በጭንቀት የሚቀመጡበት ፈተና አድርገን ነው፤ ክፍል ሳይገባ በሥራ ላይ የተካነውን ሰው መቀበሉ ግን ከመጀመሪያው የታሰበ ዓላማው ነው። አርባ ምንጭ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። የማይሠራ የኦክስጅን ማሽን፣ ሥዕሉንና መልቲሜትር ሰጥቶ የአንድን ሰው እጅ ማየት የአንድ ቀን ሥራ ነው። መዛኙ ብልሽቱ መገኘቱን ብቻ ሳይሆን ሰውየው በመጨረሻ በወረቀቱ ላይ ምን እንደጻፈ ቢያይ ደግሞ ሙያው ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

አየር ኃይሉም ድርሻ አለው፤ ያም ቴክኒሻኑ ከግቢው ሳይወጣ መሠራት ያለበት ነው። ስንት ዓመት በ400 ሳይክልና በ28 ቮልት ሥርዓቶች ላይ እንደሠራ፣ በአውሮፕላን ሥር ወይስ በሾፕ ውስጥ እንደነበረ፣ የትኞቹን መለኪያዎች ማስተካከል እንደሚችል፣ ስንት ሰው እንዳሠለጠነ፣ በየትኛው የፊርማ ደረጃ ላይ እንደነበር የሚዘረዝር ሁለት ገጽ ሰነድ የማንንም አገር ምስጢር አያወጣም። ቮልት መለካት ምስጢር ሆኖ አያውቅም። በሰነዱ መጨረሻ ከሲቪሉ የሙያ ደረጃዎች ጋር የሚያዛምድ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ደግሞ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ብቻዋን ከመፍረድ ትድናለች፤ የዞኑ ጤና መምሪያም የክፍት ሥራ ማስታወቂያውን ሲያዘጋጅ በዚያ አንቀጽ ላይ ያሉትን ሙያዎች በስማቸው መጥራት ይችላል።